የጤና መሪ በአዳራሽ አይሠራም

ሰሞኑን በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ባሉ የጤና ባለሙያዎች ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የሚቀጥለው ትውልድ የሕብረተሰብ ጤና መሪዎች ከየት ይመጣሉ የሚለውን ጥያቄ ያነሳል። የጸሐፊውን ስም አልጠቅስም፤ ክርክሬ ከሐሳቡ ጋር ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው። ወጣቱ የጤና ባለሙያ የመምራት ፍላጎት የለውም፤ ልቡ ያለው ደመወዝና ከአገር መውጣት ላይ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከሚመረቁት መካከል ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትን ጥቂቶች ለይቶ፣ አዲስ አበባ ላይ በሚገነባ የአመራር ማዕከል ለስድስት ወር አሠልጥኖ ወደየክልሉ መመደብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ከለጋሾች ይገኛል፤ ሹመትም በብቃት ይሁን። ከተመረጡት ውስጥ ሐኪሞች ቅድሚያ ያግኙ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ፈጻሚ እንጂ መሪ አይሆኑም። መረጃው ሁሉ ዲጂታል እየሆነ ስለመጣ የነገው መሪ ሰፈር ለሰፈር መዞር አይጠበቅበትም። ድሬዳዋንና ሐረርን የመሰሉ ከተሞች ደግሞ የሠለጠነ መሪ ይቀበሉ እንጂ ራሳቸው መሪ የማፍራት አቅም የላቸውም።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አምናለሁ። በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ጥቂት በመሆኑም ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። ግን ድሬዳዋ ውስጥ በሕብረተሰብ ጤና ሥራ ላይ ያለሁ፣ ከወጣት ጤና መኮንኖችና ነርሶች ጋር የምውል ሰው ነኝና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። ሐሳቡ ተቀባይነት ካገኘ ያለንን ጥቂት ገንዘብና ያለንን ብዙ ወጣት ያለቦታው እናውለዋለን። የጽሑፉን ቅደም ተከተል ትቼ በጣም ከቆረቆረኝ ልጀምር።

ድሬዳዋ መሪ የማፍራት አቅም የላትም ተብሏል። ይህች ከተማ ባለፉት ሃያ ዓመታት ያሳለፈችውን እናስታውስ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የታየው እዚሁ ነው። በ2011 ክረምት የገባው ቺኩንጉንያ እስከ 2012 መጀመሪያ ድረስ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አስተኛ፤ ያኔ መገጣጠሚያው ተይዞ ጎብጦ የሚሄድ ጎረምሳ በየመንገዱ ይታይ ነበር። በ2014 ደግሞ ወባ መጣ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓመቱን ሙሉ በከተማው የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022፣ ማለትም በእኛው 2014፣ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ቁጥሩ ከ2 ሺህ 400 አለፈ። ያውም ወባ ይቀንሳል በሚባልበት በደረቁ ወቅት።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ያለው በየግቢያችን ነው። ድሬ ሞቃት ናት፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ያጠራቅማል። በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ሮቶው፣ ሲሚንቶ የተለሰነው ገንዳ፣ በየሕንፃው ሥር ለግንባታ ተብሎ ውሃ የሚቆምበት ጉድጓድ፣ ሁሉም የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ ቀን ላይ ትናከሳለች፤ ስለዚህ የሌሊት አጎበር ብቻውን አያድንም። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው በላይ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ውሃ ባይነካውም ለወራት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በርሜሉ ውስጡ መፋቅ አለበት። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ ደግሞ መነሻዋ እስያ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የድሮው የወባ ትምህርታችን ወባ የገጠር በሽታ ነው፣ ትንኙም ዝናብ ሲያባራ ኩሬ ውስጥ ይራባል የሚል ነበር። ይህችኛዋ ግን ከተማ ትወዳለች፣ በበጋም በንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ትራባለች።

እንግዲህ እዚህ የሚያስፈልገው መሪ ምን ዓይነት ሰው ነው? ወባን ለመቆጣጠር ከውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። ፈረቃው ሲረዝም የመፈልፈያ ዕቃ እንደሚበዛ በቁጥር የሚያሳይ፣ ኮንትራክተሩን ጉድጓድህን ክደን ወይም መድኃኒት አስጨምር የሚል፣ የተማሪ ማደሪያ አስተዳዳሪውን የሚያሳምን ሰው ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ በአማርኛ ብቻ አይወጣውም። መጋላ ሰፈር ውስጥ አንዱ ቤት ኦሮምኛ፣ ቀጣዩ ሶማሊኛ፣ ሦስተኛው አማርኛ ይነገራል፤ ሐረር ጁገል ውስጥ ሐረሪኛ ይጨመርበታል። ወንዶቹን በአንድነት ማግኘት የፈለገ ከቀትር በኋላ በርጫ (የጫት መቃሚያ) ላይ መሄድ እንዳለበት፣ ሐረር ላይ መልእክት እንደ እድር ባለው መረዳጃ ማኅበር፣ በአፎሻ፣ በኩል ቢያልፍ እንደሚሰማ፣ ድሬ ላይ እድሩም መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም እኩል በር መሆናቸውን የሚያውቅ መሆን አለበት። ይህን የሚያስተምር ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ሊሠራ አይችልም፤ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነውና።

አንድ ጊዜ ገንደ ቆሬ አካባቢ ከአንድ ወጣት ጤና መኮንን ጋር ቤት ለቤት ስንዞር፣ አንዲት እናት በርሜላቸው ውስጥ የትንኝ ዕጭ ተገኘ። ልጁ እንደተማረው "እማማ፣ ይህ ውሃ ይደፋ" አላቸው። "አንተ ልጅ፣ አቦ ተወኝ!" አሉት። "ይሄን ውሃ ስንት ሌሊት ተቀምጬ ነው የቀዳሁት? አንተ ነህ የምትሞላልኝ?" ልጁ አልተከራከረም። ውሃውን በነጠላ ቁራጭ አጥልሎ ወደ ጀሪካን ገለበጠላቸው፤ በርሜሉን ራሱ ፋቀው፤ አፉን በጨርቅ እንዴት አጥብቀው እንደሚያስሩት አሳያቸው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ሳምንት ያህል ስለሚበቃት በየሳምንቱ አንድ ቀን ይህን እንዲያደርጉ ነገራቸው። ቀኑን እንኳ እሳቸው ናቸው የመረጡት፦ ውሃ የሚመጣበትን ቀን። ከዚያ በኋላ በዚያ ሰፈር የፍቂያው መርሐ ግብር ጤና ጣቢያው ያወጣው መሆኑ ቀርቶ ከውሃ ፈረቃው ጋር እንዲሄድ ሐሳብ ያቀረበው ይኸው ልጅ ነው። እኔ አመራር የምለው ይህንን ነው። ያን ዕለት ልጁ ማንም አልሾመውም ነበር።

ወጣቱ የመምራት ፍላጎት የለውም ለሚለው ከዚህ የተሻለ ምላሽ የለኝም፤ ግን ነጥቡ ሰፋ ብሎ መታየት አለበት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ወጣቱ ባለሙያ በሥራው ላይ የሆነ ነገር ወስኖ ውጤቱን አይቶ የማያውቅ ከሆነ፣ መምራትን ከየት አውቆ ይመኘዋል? የተለመደውን ውሎውን ተመልከቱ። በየሳምንቱ የበሽታ ቅኝት ሪፖርት ያጠናቅራል፤ ወደ ላይ ይልካል፤ የላከው ቁጥር ምን እንዳደረገ ማንም ተመልሶ አይነግረውም። አንድ ሰፈር ውስጥ ትኩሳት በዛ ብሎ ሲጠረጥር ሄዶ ለማየት ባጃጅ ያስፈልገዋል፤ ለባጃጁ ፊርማ ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ፊርማው እስኪመጣ ሳምንት ያልፋል፤ በሳምንት ውስጥ አዲስ ትንኝ ይበራል። ይህን ደጋግሞ ያየ ልጅ መጠርጠሩን ያቆማል። እኛ ደግሞ መጠርጠር ማቆሙን "ፍላጎት የለውም" ብለን እንመዘግበዋለን።

የደመወዙን ነገር ጸሐፊው በወቀሳ ማንሳቱ አሳዝኖኛል። የዲዩቲ ክፍያው ወራት የሚዘገይበት፣ የቤት ኪራይ ደመወዙን የሚበልጥበት ወጣት ስለ ገንዘብ ማሰቡ ነውር አይደለም። ልጅ ያለው፣ እናት የሚጦር ሰው ነው። አገር ጥሎ ከሚሄደው ጋር ቁጭ ብዬ ባወራሁ ቁጥር ግን ከገንዘቡ እኩል የሚነሳ ሌላ ነገር አለ፦ ያየሁትን የሚሰማኝ አጣሁ የሚል። ደመወዙን እኔና ጸሐፊው ልንለውጠው አንችልም። መስማቱ ግን በየጤና ጣቢያው ባለ ኃላፊ እጅ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማዕከሉ ልምጣ። የስድስት ወር ሥልጠና ከንቱ ነው አልልም። በጀት ማንበብ፣ መረጃ መተንተን፣ ሪፖርት መጻፍ በክፍል ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው፤ በዚህ በኩል ብዙዎቻችን ክፍተት አለብን። ስሕተቱ ክፍሉን ዋናው፣ መስኩን ተጨማሪ ማድረጉ ላይ ነው። በዓለም ላይ የተፈተኑት ሥልጠናዎች ግን ተቃራኒውን ነው የያዙት። አሜሪካኖች በ1951 እ.ኤ.አ. የወረርሽኝ መርማሪዎችን ማሠልጠን ሲጀምሩ ወጣቱን ሐኪም ወደ ወረርሽኙ ቦታ ልከው ከልምድ ባለቤት ሥር ማሠራትን ነው የመረጡት። ታይላንድ በ1980 ይህንኑ ለራሷ አስማማች። እኛም በ2009 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመርነው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ (የወረርሽኝ ምርመራ) ሥልጠና ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሁለተኛ ዲግሪ ሲሆን፣ ከጊዜው ሩቡ ብቻ በክፍል ይውላል፤ ቀሪው ሦስት አራተኛ መስክ ላይ ነው። ሠልጣኙ እውነተኛ ወረርሽኝ ይመረምራል፣ ውጤቱን ለሚወስነው አካል ያቀርባል፣ ይጠየቃል። ጸሐፊው አዲስ ማዕከል ከመጠየቁ በፊት ይህን ያለንን ሥልጠና አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሳቱ ገርሞኛል።

ከዚያም የራቀ ታሪክ አለን። በ1945 እና 46 ዓ.ም. ጎንደር አካባቢ ባለችው ደንቢያ ላይ የደረሰው የወባ እልቂት ባስደነገጠበት ዘመን፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የሠለጠኑት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበሩ፤ ለየብቻ ተምረው ለየብቻ እንዲሠሩ አልተደረገም፤ አንድ ጤና ጣቢያ ላይ በቡድን ወጥተው አብረው እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ዛሬም ተማሪዎቻችን ቲቲፒ የሚሉት የቡድን ሥልጠና ዘሩ እዚያ ነው። ጅማ ደግሞ በ1975 ዓ.ም. አካባቢ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲመሠረት መላ ትምህርቱን ከማኅበረሰቡ ጋር አቆራኝቶ ጀመረ። ይህን ሁሉ በአገራችን ልጆች ያየነው ነው፤ ከውጭ መቅዳት አያስፈልገንም።

በዚህ ነጥብ ላይ የማልረሳው ሌላ ምሳሌ ፈንጣጣ ነው። ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የጀመረችው ጥር 1963 ዓ.ም. ላይ ነው። ሁሉን ሰው ለመክተብ ሰውም መንገድም አልነበረም፤ ስለዚህ በሽተኛው ያለበትን መንደር ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መክተብ ተመረጠ። ሥራው የወደቀው በአገሬው የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች፣ በበጎ ፈቃደኞችና በእግር በሚጓዙ ወጣቶች ላይ ነው። የመስክ ሥራውን ያቀናጅ የነበረው ሲሮ ደ ኳድሮስ የሚባል ብራዚላዊ ሐኪም ሲሆን ሲመጣ ዕድሜው ገና 30 ነበር። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቁ በረሃማ ምድር ነው። ደ ኳድሮስ ከዚህ ሄዶ የአሜሪካ አህጉሮችን የክትባት ሥራ መራ፤ ፖሊዮም ከዚያ ምድር ጠፋ። ከእኛ በረሃ፣ ከእኛ ገደል፣ ከእኛ አርብቶ አደር ጋር ተምሮ የዓለም መሪ ሆነ። ለአንድ የውጭ ሰው መሪ መፍጠር የቻለው መስክ ለራሳችን ልጅ እንዴት አቅም ያንሰዋል?

በነጥብ መምረጡንም ልንካው። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣ ልጅ ጎበዝ ነው፤ አልክድም። ግን የፈተና ነጥብ የሚለካው ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ የሚታወቅበትን ጥያቄ ነው። በ2014ቱ ወባ ጊዜ ትክክለኛውን መልስ የሚያውቅ አልነበረም፤ መጽሐፉ ራሱ ወባ በበጋ ከተማ ውስጥ አይበዛም ይል ነበር። መጽሐፉን ትቶ ያየውን የሚያምን ሰው ነው የተፈለገው። ይህን የሚለይ ፈተና ካለ እኔ አላየሁም። ልጁን ሥራ ላይ አድርጎ ማየት ብቻ ነው ያለው መንገድ።

ሐኪሞች ቅድሚያ ያግኙ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ሐኪም የጤና መሪ መሆን ይችላል፤ ዶክተር ሊያ ታደሰ ሐኪም ናቸው፣ ሚኒስትርም ሆነው አገልግለዋል። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ደግሞ የሕክምና ዶክተር አይደሉም፤ ባዮሎጂ ተምረው፣ በወባ ላይ ሠርተው፣ በማኅበረሰብ ጤና ዶክትሬት ይዘው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሆነው ተመረጡ። ስለ ሰዎቹ የየራሳችን አስተያየት ሊኖረን ይችላል፤ የሙያ መነሻቸው ግን ቦታውን እንዳልወሰነው ግልጽ ነው።

ስለ ጤና ኤክስቴንሽን የተባለው ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። "ፈጻሚ እንጂ መሪ አይሆኑም" የሚለው አረፍተ ነገር ይህች አገር ባለፉት ሃያ ዓመታት ያገኘችውን ትልቁን የጤና ስኬት የተሸከሙትን ሴቶች ይሰርዛል። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ግድም ሲጀመር ከየቀበሌያቸው የተመለመሉ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ከ1 ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ሥራው የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ክትባቱም ምግቡም መንገዱም አለበት። ነገር ግን በየበሩ የቆመችው እሷ ናት።

ከተማችን ውስጥ ደግሞ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አብዛኞቹ ነርሶች ናቸው። የትኛው ግቢ ውስጥ ክዳን የሌለው ሮቶ እንዳለ፣ የትኛዋ እርጉዝ ክትትል እንዳቋረጠች፣ በማን ቤት ኪራይ አምስት የቀን ሠራተኞች አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚተኙ ያውቃሉ። ወረርሽኝ ሲነሳ ግን ግብረ ኃይሉ ሲቋቋም ወንበር አይሰጣቸውም። ስልክ ተደውሎ ዝርዝር አምጡ ይባላሉ፤ ዝርዝሩን ያመጡት ሴቶች ውሳኔው ሲሰጥ ውጭ ናቸው። የእድገት መሰላላቸውም አጭር ነው፤ ለዓመታት አንድ ሰፈር ሠርተው ያከማቹት ዕውቀት ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ የለውም። እኔ የሚቀጥለውን ትውልድ መሪ ፈልግ ብባል መጀመሪያ የምሄደው ወደ እነሱ ነው፤ በትምህርት ደግፌ፣ ከጤና መኮንኑ እኩል ወንበር ሰጥቼ።

ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን አስቡ። በ1957 ዓ.ም. ግድም አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች እንዳሉ ልብ አለ። ከዚያ በመነሳት እንዶድ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ፤ ከሥራ ባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። ግኝቱ የተነሳው ከታጣቢው ልብስና ከአጣቢዎቹ ሴቶች ነው። ወንዙ ዳር ያልወረደ ሰው አያየውም ነበር።

ይህ ቀጥታ ወደ ዲጂታሉ ነጥብ ይወስደኛል። ዲጂታል ሥርዓቱን የምቃወም አይደለሁም፤ ዲ ኤች አይ ኤስ ቱ የተባለው የጤና መረጃ መመዝገቢያ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት ወረቀት ሲጠፋ፣ ሲደመር ሲሳሳት የነበረውን አውቃለሁ። ችግሩ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጤና ተቋም የደረሰ ሰው ብቻ መሆኑ ነው። ትኩሳት ይዞት ከአቅራቢያው ፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ የተኛው፣ ከታይዋን ገበያ እስከ አሸዋ ገበያ ዕቃ ሲሸከም የሚውለው፣ ከገጠር ቀበሌ የመጣውና ተመልሶ የሄደው እዚያ የለም። ስክሪኑንና ሰፈሩን ማገናኘት እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀርሳ ወረዳ ቤት ለቤት ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየመዘገበ ይኖራል፤ በኋላም ሐረር ከተማን ጨመረ። መረጃው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፤ ግን ከእያንዳንዱ መስመር ጀርባ በር አንኳኩቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ኀዘን ላይ ተቀምጦ የጠየቀ መረጃ ሰብሳቢ አለ። ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ለማወቅ በዚያው አካባቢ በሚደረገው ጥናት ልጁን አሁን ያጣ ቤተሰብ ፈቃድ ይጠየቃል። ያንን ጥያቄ በአክብሮት መጠየቅ የቻለ ወጣት ከማንኛውም አዳራሽ የማይገኝ ነገር ይዟል።

የ2014ቱን ወባ እንቆቅልሽ የፈቱትም ሁለቱን ያገናኙ ናቸው። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ቡድን በዩኒቨርሲቲ ማደሪያና በከተማው ሰፈሮች የወባ ሕመምተኞችን ቤት ወባ ከሌለባቸው ሕመምተኞች ቤት ጋር አነጻጸረ፤ ትንኞችን ከያሉበት ሰበሰበ፤ ስቴፈንሳይ በብዛት ያለባቸው ቤቶችና ወባ ያለባቸው ቤቶች አንድ ላይ ሆነው አገኘ። ጥናቱ በኋላ ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት ታትሟል። ድሬ ላይ፣ በድሬ በርሜሎች የተሠራ ሥራ ነው።

ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ሹመት በብቃት ይሁን ያለው። እንዲያውም እኔ እጨምርበታለሁ፤ የተሾመው በቦታው ይቆይ። አንድን የቅኝት ኃላፊ አሠልጥነን፣ ሰፈሩን አውቆ፣ ሰዉ አውቆት ገና ሥራ ሲጀምር እናዛውረዋለን። የሚተካው ሰው ርክክብ የሚያደርገው በወንበርና በኮምፒውተር ዝርዝር ነው፤ የትኛው ኮንትራክተር እንደሚሰማ፣ የትኛው ኢማም መልእክት እንደሚያስተላልፍ፣ ባለፈው ዓመት ምን ሞክረን ምን እንዳልሠራ አይረከብም። በየወረርሽኙ እንደ አዲስ የምንደነግጠው በዚህ ነው።

የማዕከሉ ገንዘብ ከለጋሾች ይገኛል ተብሏል። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡን ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ በኋላ በለጋሽ ገንዘብ ሕንፃ እንጀምር ማለት ከብዶኛል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ሕንፃ አይፈልግም። ለእያንዳንዱ የከተማ ሰፈር አንድ ወጣት ጤና መኮንንና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በጥንድ ይመደቡ፤ ሰፈሩ የእነሱ ይሁን። ለሁለት ዓመት አይዛወሩ። ለባጃጅ፣ ለስልክ ካርድና ለዕጭ መፈተሻ ዕቃ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በራሳቸው ፊርማ እንዲያወጡ ይፈቀድላቸው፤ በየወሩ ደረሰኝ ያቅርቡ። ልምድ ያለው አንድ ሰው፣ ጡረታ የወጣም ቢሆን፣ በየሳምንቱ አብሯቸው ሰፈሩን ይዙር። በወር አንድ ጊዜ ከውሃና ፍሳሽ፣ ከከተማ ግንባታና ከትምህርት ቢሮ ኃላፊዎች ጋር ቁጭ ብለው ያዩትን ራሳቸው ያቅርቡ፤ ሪፖርታቸውን ሌላ ሰው አያንብብላቸው። ውሳኔ ሲሰጥ ደግሞ ተቀባይነት ካላገኙ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይነገራቸው። ሐረር ላይ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የመስክ ተማሪዎቻቸውን በእነዚህ ጥንዶች ሥር ሊመድቡ ይችላሉ።

ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህን ሥልጣን ለጥንዶቹ የሚሰጥ አንድ የውክልና ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከሰኔ በፊት ከተፈረመ፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ኤደስ ከመብዛቷ በፊት ወጣቶቹ እያንዳንዱን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ጉድጓድ መዝግበው ያልቃሉ። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፉ ይህን ደብዳቤ ማን መፈረም እንዳለበት ቢያነሳልን፣ ክርክራችን ወደ ሥራ ይቀርባል።